ብረት ስታነሱ ጓንት ታድርጉ ወይስ አታድርጉ?

አጭሩን መልስ ላስቀድም። እጃችሁ ጤነኛ ከሆነ፣ የምታነሱትም በወጉ የተሠራ ብረት ከሆነ፣ ጓንት አያስፈልጋችሁም። የሚያስፈልጋቸው ሰዎች አሉ፤ ስለነሱ ወረድ ብዬ በደንብ እጽፋለሁ። ግን አብዛኛው ጀማሪ ጓንት የሚገዛው መዳፉ ስለተላጠ ነው፤ መዳፉ የተላጠው ደግሞ ጓንት ስላላደረገ ሳይሆን ብረቱን መያዝ በሌለበት ቦታ ስለያዘው ነው። አያያዙ ሳይስተካከል ጓንት ቢደረብበት መላጡ ትንሽ ይዘገያል እንጂ አይቀርም።

ይህን የምጽፈው ነገሩ ስለሚያሳዝነኝ ነው። ስታዲየም ዙሪያ፣ አራት ኪሎ፣ ሜክሲኮ፣ ቦሌ መንገድ ያሉትን ጂሞች ግቡና እዩ። አዲስ የተመዘገበ ልጅ የመጀመሪያ ወጪው ጓንት ነው። ጫማው ሲረግጡት የሚሰምጥ የሩጫ ጫማ ነው፣ ጊዜ ወስዶ አያያዝ ያሳየው ሰው የለም፣ ጓንቱ ግን አለ። ትንሽ ቆይቶ እጁን ያመዋል፣ ክብደቱ አልጨምር ይለዋል፣ ከዚያ ይተወዋል። ይሄ ልጅ መተው አልነበረበትም።

መጀመሪያ አያያዛችሁን አስተካክሉ

እጃችሁን ዘርጉና መዳፋችሁን ተመልከቱ። አራቱ ጣቶች ከመዳፍ የሚጀምሩበት ቦታ ላይ እጥፋት አለ። ከሱ ዝቅ ብሎ፣ መዳፉን አግድም የሚያቋርጥ ሌላ መስመር አለ። በሁለቱ መሀል ያለው ለስላሳ ሥጋ ነው ችግሩ ሁሉ የሚጀምርበት። አብዛኛው ሰው ባሩን (ክብደት የሚሰካበትን ረጅም ብረት) የሚያሳርፈው እዚያ ሥጋ ላይ ነው። ጣቶቹን ሲጨብጥ ሥጋው በባሩና በጣቶቹ መካከል ይታጠፋል። ክብደቱ ወደ ታች ሲስብ ደግሞ ባሩ ወደ ጣቶቹ ይንሸራተታል፣ የታጠፈውንም ቆዳ እየጎተተ ይወርዳል። ውሃ የሚቋጥረው፣ የሚደነድነው፣ መጨረሻ ላይም ተገንጥሎ የሚነሳው ያ የተጎተተ ቆዳ ነው።

ስለዚህ ለማንኛውም የመሳብ ሥራ፣ ለዴድሊፍት (ባሩን ከመሬት አንስቶ ቀጥ ብሎ መቆም)፣ ለሮው (ጎንበስ ብሎ ባሩን ወደ ሆድ መሳብ)፣ ለፑል አፕ (አግዳሚ ላይ ተንጠልጥሎ ራስን ወደ ላይ መሳብ)፣ ለላት ፑልዳውን (የማሽኑን ባር ከላይ ወደ ደረት መሳብ)፣ ባሩን ከመጀመሪያው የጣቶቹ ሥር ያለው እጥፋት ላይ አሳርፉት። ክብደቱ ጎትቶ ሊወስደው ወደሚፈልገው ቦታ እናንተ ቀድማችሁ ውሰዱት። ከዚያ ጣቶቻችሁን ዙሪያውን ጠቅልሉ፣ አውራ ጣትን ከላይ ዝጉበት። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ባሩ የሚያመልጣችሁ ይመስላችኋል። መዳፍ ውስጥ እንደገባ ስለማይሰማችሁ ነው። ቀለል ባለ ክብደት ልመዱት፣ ጣቶቻችሁ ይጠነክራሉ።

ትክክል መያዛችሁን እንዲህ እዩት። ባዶ ባር ይዛችሁ ቀጥ ብላችሁ ቁሙ፣ ጣቶቻችሁን ትንሽ ላላ አድርጉ። ባሩ ሸርተት ብሎ ከወረደ ወደ መሀል መዳፍ አስገብታችሁ ይዛችሁታል። ካልተነቃነቀ ቦታው እሱ ነው።

አምባሳደር አካባቢ ያለ አንድ አሰልጣኝ ይህን ለጀማሪ ሲያስረዳ ያየሁት ዘዴ ከዚህም ይቀላል። ልጁ «ኮች፣ እጄ እኮ ተላጠ፣ ጓንት ልግዛ?» አለው። አሰልጣኙ መልስ አልሰጠውም። «አምጣ እስቲ እጅህን» አለና ከመመዝገቢያ ጠረጴዛው ላይ እስክሪብቶ አንስቶ የጣቶቹ ሥር ላይ አግድም መስመር አሰመረለት። «በል አሁን ባሩን ያዝና ሳትጨብጥ አሳየኝ።» ባሩ ከመስመሩ በታች፣ መሀል መዳፍ ላይ ተጋድሟል። «አየህ? እላዩ ላይ አስተኛው።» ልጁ ባሩን ወደ ቀለሙ ወሰደው፣ ጨበጠ፣ አነሳ። የተላጠው ቦታ ባሩን አልነካውም። ቤታችሁም ብትሆኑ ሞክሩት፤ የሚያስፈልገው አንድ እስክሪብቶ ነው።

ሌላው ከያዙ በኋላ እጅን እየጠመዘዙ ማመቻቸት ነው። ፑል አፕ ላይ ይሄ ብዙ ይታያል። ሰውየው ዘሎ ይንጠለጠላል፣ ከዚያ እንደተንጠለጠለ እጁን ወዲህ ወዲያ ያሽከረክራል። ሙሉ የሰውነት ክብደት ተሸክሞ ቆዳን እየፈተጉ ነው። አትንጠልጠሉ ገና፤ ወንበር ወይም ድንጋይ ላይ ቆማችሁ እጃችሁን አስተካክሉ፣ ከዚያ እግራችሁን ልቀቁ። ካልተመቻችሁ ውረዱና እንደገና ያዙ።

መግፋት ሲሆን ነገሩ ይገለበጣል። ቤንች ፕሬስ (በጀርባ ተኝቶ ባሩን ከደረት ወደ ላይ መግፋት) እና የትከሻ ፕሬስ (ከትከሻ ወደ ላይ መግፋት) ላይ ባሩ ጣቶች ሥር መሆን የለበትም። ከእጅ አንጓ ቀጥሎ ያለው ወፍራም የመዳፍ ክፍል ላይ፣ ልክ ከክንድ አጥንት አናት መቀመጥ አለበት። ክንድና አንጓ አንድ መስመር ይሠራሉ ማለት ነው። ባሩ ወደ ጣቶች ከሸሸ አንጓው ወደ ኋላ ይታጠፋል፤ «ቤንች ስሠራ አንጓዬን ያመኛል» የሚሉ ሰዎች ብዙ ጊዜ ችግራቸው ይሄ ነው። ስፖንጅ ያለው ጓንት ደግሞ ያባብሰዋል፣ ምክንያቱም ባሩ የሚቀመጠው በሚሰምጥ ነገር ላይ ነው፣ ሲከብድ ወደ ኋላ ይንከባለላል።

እዚህ ላይ አጥብቄ የምናገረው ነገር አለ። ቤንች ላይ አውራ ጣታችሁን ከሌሎቹ ጣቶች ጋር በአንድ ወገን አታድርጉ። ባሩን ዙሪያውን ይያዝ። አውራ ጣት ካልዘጋበት ባሩ በላብ ሸርተት ሊል ይችላል፣ የሚወድቀውም ደረት ወይም አንገት ላይ ነው። ጓንት አድርጌያለሁ ብላችሁም አትዘናጉ፤ ያረጀ ጓንት ከባዶ እጅ ይልቅ ያንሸራትታል።

ጓንት ከባሩ ጋር የሚያደርገው ነገር

የወንዶች የኦሎምፒክ ባር 20 ኪሎ ይመዝናል፣ የሚያዝበት ቦታ ውፍረቱ 28 ሚሊ ሜትር ነው። የሴቶቹ 15 ኪሎ ነው፣ ውፍረቱ 25 ሚሊ ሜትር። ይሄ የሦስት ሚሊ ሜትር ልዩነት ዝም ብሎ የመጣ አይደለም። ጣት ባሩን ዞሮ ከአውራ ጣት ጋር ካልተገናኘ እጅ ከባድ ነገር ይዞ አይቆይም። እንግዲህ መዳፉ ላይ 3 ሚሊ ሜትር ስፖንጅ ያለው ጓንት ስታደርጉ ባሩን ዙሪያውን ስለሚከበው ውፍረቱ 6 ሚሊ ሜትር ይጨምራል። 28 የነበረው 34 ሆነ። ስፖንጁ ሲጨበጥ ትንሽ ቢጨመቅም ባሩ መወፈሩ አይቀርም። እጁ ትልቅ ለሆነ ሰው ላይሰማው ይችላል፤ ትንሽ እጅ ላለው ሰው ግን ጀርባው ሳይደክም ጣቶቹ እጅ ይሰጣሉ። ሮው እየሠራችሁ ጀርባችሁ ምንም ሳይሰማው ክንዳችሁ የሚቃጠል ከሆነ፣ ጓንቱን አውልቃችሁ አንድ ዙር ሥሩና ልዩነቱን ራሳችሁ እዩ።

ባሩ ላይ በማሽን የተቆረጡ ጥቃቅን ጥርሶችም አሉ፣ እጅ ሲነካቸው የሚሻክሩት። ሥራቸው ቆዳ መያዝ ነው። ጓንት ሲገባ ጥርሶቹ የሚይዙት ጨርቁን ነው፣ እጃችሁ ደግሞ በላብ ረጥቦ ጨርቁ ውስጥ ይንሸራተታል። አንድ የነበረው የሚንሸራተት ቦታ ሁለት ይሆናል።

ሁሉም ሰው ጂም አይሄድም፤ ይሄን አውቃለሁ። የጂም ክፍያ ለብዙ ወጣት ቀላል አይደለም። ግቢ ውስጥ የኒዶ ጣሳ ሲሚንቶ ሞልቶ፣ መሀሉ የውሃ ቱቦ ተክሎ የሚሠራ ልጅ በየሰፈሩ አለ፤ ክብደት ክብደት ነውና ጡንቻው ጣሳና ብራንድ አይለይም። ለእናንተ የጓንቱ ጥያቄ ትንሽ ይለያል። መጀመሪያ ቱቦውን እዩ። ባለ 1 ኢንች የሚባለው የውሃ ቱቦ ከውጭ ሲለካ 33 ሚሊ ሜትር ተኩል አካባቢ ነው፣ ለእጅ ወፍራም ነው። ባለ ሦስት አራተኛው ከውጭ ወደ 27 ሚሊ ሜትር ነው፣ ከኦሎምፒክ ባር ጋር የተቀራረበ። ስለዚህ ለቀላል ክብደት ሦስት አራተኛው ይመቻል። ከባድ ስትጭኑበት ግን ይጎብጣል፤ ያኔ ወፍራሙን ቱቦ ለስኳት (ባር ተሸክሞ ቁጢጥ ብሎ መነሳት) ተጠቀሙበት፣ ጀርባ ላይ ስለሚቀመጥ ውፍረቱ አያስቸግርም።

ቱቦው ዝጎ ከሆነ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጉት። የተቆረጠበት ጫፍ ስለት ካለው በሞረድ አለዝቡት። ለስላሳ ሆኖ የሚያንሸራትት ከሆነ አሮጌ የብስክሌት ካላማዳሪያ በቀጭኑ ቆርጣችሁ አንድ ዙር ብቻ ጠምጥሙበት፤ ሁለት ሦስት ዙር ካደረጋችሁት ያው ወፍራም ጓንት ለበሰ ማለት ነው። ይህን እስክታስተካክሉ ድረስ ጓንት አድርጉ፣ ልክ ናችሁ። የዛገ ብረት እጅ ሲቆርጥ ቀላል ነገር አይደለም።

ጓንት የሚገባቸው ሰዎች

ከዚህ በላይ ያልኩትን አንብባችሁ ጓንት የሚያደርገውን ሰው ሁሉ አትንቀፉ። በቂ ምክንያት ያላቸው ብዙ ናቸው።

ችፌ ወይም ሌላ የቆዳ ችግር ያለበት ሰው ጓንት ያድርግ። ርካሽ ጌጥ ወይም የቀበቶ ዘለበት ሲነካው የሚያሳክከው ሰውም እንዲሁ፤ ያ ሰው ኒኬል አይስማማው ይሆናል፣ አንዳንድ ባርና ዳምቤል (በአንድ እጅ የሚያዝ አጭር ክብደት) ደግሞ ላዩ ኒኬል አለበት። ስኳር ያለበት ሰው፣ በተለይ ጣቶቹን የማደንዘዝ ስሜት ካለው፣ ቁስሉን ሳያውቅ ሊያቆይ ስለሚችልና ቁስሉም ቶሎ ስለማይድን፣ ቀጭን ጓንት ይጠቅመዋል። ከሥራ በኋላም መዳፉን በዓይኑ ይፈትሽ። የጣት መገጣጠሚያ የሚያሳምማቸው ታላላቆቻችን ደግሞ ትንሽ ወፈር ያለ መያዣ ይመቻቸዋል፤ ለነሱ ስፖንጅ ያለው ጓንት ጥሩ ነው፣ ክብደቱ እስካልከበደ ድረስ።

በእጃቸው የሚተዳደሩ ሰዎች አሉ። ክራር ወይም ማሲንቆ የሚጫወት፣ ሽሮ ሜዳ ሸማ የሚሠራ፣ ሐር የሚሰፋ፣ ማሳጅ የሚሠራ፣ ሕፃን የምታክም ነርስ። የደነደነ ቆዳ ክር ይይዛል፣ የሰው ገላ ይቧጭራል። እነዚህ ሰዎች ክብደታቸው ትንሽ ቢቀንስም ጓንት ቢያደርጉ ያዋጣቸዋል፤ እንጀራቸው ነው።

እህቶቼ ብዙ ጊዜ የሚጠይቁኝ ስለ እጅ መሻከር ነው። እናት ወይም አክስት «ምነው ልጄ እጅሽ እንዲህ ሆነ?» ማለቷ አይቀርም። እውነቱን ልንገራችሁ፤ ባሩ ጣቶች ሥር ከተያዘ የሚወጣው ድንዳኔ ትንሽ ነው፣ ታች የምጽፈውን እንክብካቤ ካደረጋችሁለት ሲጨብጧችሁም ያን ያህል አይሰማም። ጥር ላይ ሰርግ ያላት ሙሽራ ግን ለሁለት ወር ጓንት አድርጋ ብትሠራ ምን አለበት? ምንም። እጅሽ ነው፣ ምርጫው ያንቺ ነው። ቀጭኑን ምረጪ ብቻ።

ብርድም አለ። ከኅዳር እስከ ጥር አዲስ አበባ ማለዳ ላይ ብዙ ቀን ከ10 ዲግሪ በታች ትወርዳለች፣ ውጭ ያደረ ብረት ደግሞ እጅ ያደነዝዛል። የደነዘዘ ጣት በደንብ አይጨብጥም። በጠዋት ሜዳ ላይ የምትሠሩ ሰዎች ለማሟሟቂያ ቀጭን የሹራብ ጓንት አድርጉ፣ ብረቱም እጃችሁም ሲሞቅ አውልቁት። አግዳሚ ላይ ግን በሹራብ ጓንት አትንጠልጠሉ፣ ይሾልካል።

እግረ መንገዴን ስለ ቀለበት። ከጓንት ሥር የጋብቻ ቀለበት አድርገው የሚሠሩ ሰዎች አሉ። አውልቁት። ባሩ ቀለበቱን ከጣት አጥንት ጋር ያጣብቀዋል፣ ስትንጠለጠሉ ወይም ስትዘሉ የሆነ ነገር ላይ ከተያዘ ደግሞ የጣቱን ቆዳና ሥጋ ገፎ ሊወስድ ይችላል። ኪስ ውስጥም አትክተቱት፣ ይጠፋል፤ ከቁልፋችሁ ጋር አስሩት ወይም ቤት ተዉት።

ላብ ከሆነ ችግራችሁ

እጁ የሚያልበው ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ጓንት ነው። የተሻለ አለ፣ ማግኒዥየም ካርቦኔት። የጂምናስቲክና የክብደት ማንሳት ስፖርተኞች እጃቸው ላይ የሚያሹት ነጭ ዱቄት እሱ ነው። እርጥበት ይመጥጣል፣ ባሩ ላይ ውፍረት አይጨምርም። የሚያስፈልገው ስስ ሽፋን ነው። ከመጠን በላይ ከሆነ ራሱ ዱቄቱ ያንሸራትታል። ጂሙ ወለሉ እንዳይቆሽሽ ዱቄት ከከለከለ ፈሳሹን ፈልጉ፤ አልኮል ስላለው እጅ ላይ በሰከንዶች ይደርቃል፣ አይበንም።

ሁለት ነገሮች ግን እሱን አይተኩም። አንደኛው የትምህርት ቤት ጠመኔ ነው። ጠመኔ የሚሠራው ከጂፕሰም ወይም ከካልሲየም ካርቦኔት ነው፣ ላብ የመምጠጥ አቅሙ ደካማ ነው። ሌላ ካጣችሁ ከምንም ይሻላል እንጂ አትመኩበት። ሁለተኛው የሕፃን ፓውደር ነው፣ ይሄኛው አደገኛ ነው። ፓውደር ሥራው ማንሸራተት ነው። ዴድሊፍት የሚወዳደሩ ሰዎች ጭናቸው ላይ የሚነሰንሱት ባሩ ጭናቸው ላይ በቀላሉ እንዲንሸራተት ነው። እጃችሁ ላይ ካደረጋችሁት ባሩ ከእጃችሁ ይሾልካል።

ዱቄቱን ካላገኛችሁ ትንሽ ፎጣ ያዙ። በየዙሩ መሀል እጃችሁንም ባሩንም ጥረጉ። ከሥራ በፊት እጅን በሳሙና ታጥቦ ማድረቅም ብዙ ይረዳል፤ በተለይ ቅባት ተቀብታችሁ ከቤት ከወጣችሁ።

ክብደቱ በእውነት ከእጃችሁ አቅም በላይ ሲሆን፣ ማለትም ጀርባና እግር ገና አቅም እያላቸው ጣት ሲከፈት፣ ያኔ መፍትሔው የእጅ ማሰሪያ ነው። ስትራፕ ይሉታል፤ በአንጓ በኩል ገብቶ ባሩ ላይ የሚጠመጠም ጠንካራ ጨርቅ ነው። የመጀመሪያዎቹን ዙሮች በባዶ እጅ ሥሩ፣ ማሰሪያውን ለመጨረሻዎቹ ከባድ ዙሮች አስቀሩት፤ አለዚያ እጃችሁ ሳይጠነክር ይቀራል። ባሩን ከመሬት ስባችሁ ወደ ትከሻ የምታመጡበት ክሊን ላይ ግን ማሰሪያ ፈጽሞ አታድርጉ። ክርን ሲዞር እጅ ባሩን መልቀቅ መቻል አለበት፤ ታስሮ ከሆነ አንጓ ሊሰበር ይችላል።

አንድ እጅ ከላይ፣ አንድ እጅ ከሥር አድርጎ መያዝም ዴድሊፍት ላይ ይሠራል። ከሥር የያዘውን ክንድ ግን ቀጥ አድርጉት። ክርን አጥፎ መጎተት የክንድ ጡንቻ ጅማት ሊበጥስ ይችላል።

ውድድር የሚያስብ ካለ ከወዲሁ ይወቀው። በዓለም አቀፉ የፓወርሊፍቲንግ (የስኳት፣ የቤንች ፕሬስና የዴድሊፍት ውድድር) ፌዴሬሽን ሕግ ጓንትም ማሰሪያም አይፈቀድም። አንጓ ላይ የሚጠመጠም ድጋፍ ይፈቀዳል፣ ርዝመቱ ከ1 ሜትር፣ ስፋቱ ከ8 ሳንቲ ሜትር ሳይበልጥ። አንጓቸው የሚደክም ሰዎችም ቢሆኑ ከጓንት ላይ ካለችው አጭር ተለጣፊ ይልቅ ይህን ቢገዙ ይሻላቸዋል፤ ጓንት ላይ ያለችው ጓንቱን እንዳይወልቅ ከመያዝ አታልፍም።

የደነደነ መዳፍ አያያዝ

ድንዳኔ በሽታ አይደለም። ቆዳ ደጋግሞ ሲጫኑትና ሲፈትጉት ላዩን ያወፍራል፣ ራሱን እየጠበቀ ነው። ችግር የሚሆነው ወጣ ብሎ ጉብታ ሲሠራ ነው፤ ባሩ ጠርዙን ይይዝና ይገነጥለዋል። ስለዚህ አታጥፉት፣ ደልድሉት። ሻወር ከወሰዳችሁ በኋላ፣ ቆዳው ሲለሰልስ፣ በተረከዝ መፈግፈጊያ ድንጋይ ቀስ ብላችሁ ከዙሪያው ቆዳ ጋር እኩል እስኪሆን ፈግፍጉት። በሳምንት አንድ ሁለቴ ይበቃል። በምላጭ አትቁረጡት፣ በጥርስም አትንጩት። ማታ ስትተኙ ቫዝሊን ወይም ግሊሰሪን ቀቡት። በጋ ላይ የአዲስ አበባ አየር በጣም ደረቅ ነው፤ ያልተቀባ ድንዳኔ ይሰነጠቃል፣ ስንጥቁም ከመላጥ የባሰ ያማል። ጂም ከመሄዳችሁ በፊት ግን አትቀቡ።

ከተላጠ ደግሞ እንዲህ አድርጉ። ሥራውን እዚያው አቁሙ። በንጹሕ ውሃና በሳሙና እጠቡት፣ ያቃጥላል፣ ቻሉት። የተንጠለጠለውን ቆዳ አትጎትቱት፤ በንጹሕ መቀስ የተለየውን ብቻ ቁረጡ። ቫዝሊን ስስ አድርጋችሁ ቀቡና በፕላስተር ሸፍኑት፣ በየቀኑ ቀይሩት። ውሃ የቋጠረ ብቻ ከሆነ አታፈንዱት፣ ራሱ ይመጠጣል። እስኪድን የእግር ሥራ ሥሩ፤ ስኳት አለ፣ ሌግ ፕሬስ (ማሽን ላይ ክብደት በእግር መግፋት) አለ፣ ሩጫ አለ። ቁስሉ ከቀላ፣ ከሞቀ፣ መግል ከያዘ፣ ወይም ቀይ መስመር ወደ ክንድ ከወጣ ሳታድሩ ጤና ጣቢያ ሂዱ። የዛገ ብረት ከቆረጣችሁ ደግሞ ስለ ቴታነስ ክትባት ጠይቁ።

ንጽሕናን በተመለከተ ጓንት ይጠብቀኛል የሚል ሰው አለ። በአንድ ባር ብዙ ሰው ይጠቀማል፣ እውነት ነው፤ ጭርትና የእጅ ኪንታሮት ከሰው ወደ ሰው ይተላለፋሉ። ነገር ግን ከሠራችሁ በኋላ እጃችሁን በሳሙና ትታጠባላችሁ፣ ጓንታችሁን ግን ስንቶቻችሁ ናችሁ የምታጥቡት? ረጥቦ ቦርሳ ውስጥ ያደረ ጓንት ከባሩ የባሰ ቆሻሻ ይይዛል። ፊታችሁንም በጓንቱ አትጥረጉ።

መግዛት ካለባችሁ

ስታዲየም ዙሪያ ያሉት የስፖርት ዕቃ ሱቆች ጥሩ መነሻ ናቸው፣ መርካቶም አለ። ዋጋ ተከራከሩ፣ ግን ሳትለኩ አትግዙ። ሁለቱንም እጅ አጥልቃችሁ ጨብጡ። መዳፉ ላይ ጨርቁ ከተጨማደደ ሰፊ ነው፤ ያ ጭምዳድ ራሱ ይልጣችኋል። ጣቶች መሀል ያለው ስፌት ከቆረቆራችሁ አሁን የሚቆረቁረው ብረት ስትይዙ ይብስበታል። ሱቁ ውስጥ የልብስ መስቀያ ብረት አይጠፋም፣ እሱን ያዙና ጣታችሁና አውራ ጣታችሁ ተገናኝተው እንደሆነ እዩ። ካልተገናኙ ሌላ ጠይቁ።

የምትፈልጉት መዳፉ ስስ ቆዳ የሆነ፣ ጀርባው አየር የሚያስገባ፣ ጣቱ ግማሽ የሆነ ነው። ጄል ያለበት፣ ስፖንጁ ያበጠ፣ ብዙ ጌጥ ያለው ውድ ይሆናል እንጂ የተሻለ አይሆንም። የግንበኛ ጓንትም ለዚህ ሥራ አይሆንም፣ ጎማው ይወፍራል፣ ውስጡም እጅን ያንቦጫርቃል።

ለሁሉም ሥራ አታድርጉት። ለሮውና ለዳምቤል ካስፈለጋችሁ አጥልቁ፣ ቤንች ላይ ስትተኙ አውልቁ፣ ፑል አፕ ላይም ቢቻል አውልቁ። ጨርቅ የሆነውን በየሳምንቱ በሳሙናና በቀዝቃዛ ውሃ እጠቡ፤ ቆዳ የሆነውን በእርጥብ ጨርቅ ከውስጥም ከውጭም ጥረጉ፣ ገልብጣችሁ ጥላ ላይ አድርቁ። ፀሐይ ላይ ከሰጣችሁት ቆዳው ይኮማተራል። የመዳፉ ስፌት መተርተር ሲጀምር አትስፉት፣ ጣሉት፤ ከባድ ባር ይዛችሁ ሳለ ከተተረተረ ባሩም አብሮ ይወርዳል።